ከሁለቱ አሞራዎች ለየትኛው እናስብ?

በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ የሚወጣውን፣ ከድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላውን ጢማም አሞራ ያየ ሁሉ ያደንቀዋል። በየከተማው በቄራ አጥር ላይ የሚያርፈውን ፊተ መላጣ ጥንብ አንሳ ግን ልጅ ሁሉ በድንጋይ ያባርረዋል።

ነገር ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱን ሲመዝን፣ ጢማሙን ለአደጋ የተቃረበ ሲለው፣ መላጣውን በ2008 ዓ.ም. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር መዘገበው። እንግዲህ የናቅነው ካደነቅነው ቀድሞ ሊያልቅ ነው።

መላጣው በአንድ ወቅት ከአንድ እንቁላል በላይ አይጥልም፤ ለጅብና ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ሲያገኝ ግን ብዙው በአንድ ቀን ይረግፋል። የጠፋውን መመለስም ቀላል አይደለም። ጢማሙ አሞራ በአልፕስ ተራሮች ጠቦት ይነጥቃል ተብሎ ታድኖ ካለቀ በኋላ፣ እንደ ገና ወደዚያ መለቀቅ የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ድካሙም ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ደመወዝ ሳይጠይቅ ደጃችንን የሚያጸዳው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን መርዙን፣ እኛ ተማሪዎችም ድንጋዩን እንተው። መልኩ ቀርቶ ሥራው ይመዘንለት።