መጻሕፍታችን በሚዛን ላይ

ከሳሪስ ወደ ጀሞ ቤት ልንለውጥ ቀን በቈረጥንበት ሳምንት ከዕቃው ሁሉ ያስቸገረን አልጋው ወይም ቁም ሣጥኑ አልነበረም፤ መጻሕፍቱ ነበሩ። የአሮጌው ቤት ጓዳ ሰፊ ስለ ነበረ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የገዛነውን፤ በስጦታ ያገኘነውን፤ ተውሰንም (እውነቱን ለመናገር) ያልመለስነውን ሁሉ ሳንቈጥር ስንከምር ኖረናል። አዲሱ ቤታችን ግን ከጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ የመኝታ ክፍሉም አንድ ብቻ ነው። ባለቤታችን ነገሩን አይታ አንድ ካርቶን ፈቀደችልን። «አንድ ካርቶን፤ ከዚያ ያለፈውን የሚሸከመው ራሱ ባለመጻሕፍቱ ነው» ብላ ቈረጠች። በዚህ ዕድሜያችን አራት ፎቅ ተሸክሞ መውጣት እንደማይሆንልን እርስዋም እኛም እናውቃለን።

ቅዳሜ ጧት «ቆራሊዮ!» የሚለው ድምፅ በደጃችን ሲያልፍ ጠራነው። ልጁ ገብቶ ክምሩን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ሚዛኑን ከማዳበሪያው አወጣና፤ «ጋሼ፤ ወረቀት በኪሎ ነው። ወፍራም ሽፋን ያለው ግን ሽፋኑ ይገነጠላል፤ ለመጠቅለያ አይሆንም» አለን። ይህን ሲናገር ክፋት አልነበረበትም፤ የሥራውን ሕግ መንገሩ ነበር። እኛ ግን ያን ጊዜ ነው ካርቶኑን በቀኝ፤ ሚዛኑን በግራ አድርገን መሬት ላይ የተቀመጥነው። ልጁም ከምሳ በኋላ እንዲመለስ ተስማማን።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ በካርቶኑና በሚዛኑ መካከል ተቀምጠን እያንዳንዱን መጽሐፍ ስናነሣና ስንጥል ያሰብነው ነው። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ስላልሆንን አንባቢ ቃላችንን እንደ ሂስ እንዳይቈጥርብን እንለምናለን። ገንዘቡን ከፍሎ፤ ዐይኑን አድክሞ ያነበበ ሰው የተሰማውን የመናገር መብት አለው ብለን ግን እናምናለን። በአገራችን ይህ መብት የተረሳ ይመስለናል፤ የታወቀ መጽሐፍ ከሆነ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ያልታወቀ ከሆነ ማንም አያነሣውም።

መጀመሪያ እጃችን የገባው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ይህ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ «አላነበብኩትም» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ሰው አላጋጠመንም። ያላነበበው ግን ብዙ ነው። ግማሹ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማውን እንዳነበበ ይቈጥረዋል። በዚህ አንፈርድም፤ እኛም መጀመሪያ የተዋወቅነው በወጋየሁ ድምፅ ነውና። እስከ ዛሬም ገጹን ስንገልጥ ጉዱ ካሣ የሚናገረን በዚያው ድምፅ ነው። በሃያ ዓመታችን ስናነበው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አለቀስን። ሃምሳ ዓመት ካለፈን በኋላ ስናነበው ግን ዕንባችን ወዴት እንደ ሄደ እንጃ፤ የሁለቱ ነገር ረዘመብን፤ አንዳንዱን ገጽ በሁለት ጣት እንደ ዘለልነው አንደብቅም። በፈንታው ያልጠበቅነው ሣቅ ያዘን። ፊታውራሪ መሸሻ በትልቅ ኩራት እንቢተኛ ባላገሮችን ሊቀጡ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ ሲማረኩ የተጻፈውን ምዕራፍ ብቻችንን እየሣቅን ስናነብ ባለቤታችን ከጓዳ ወጥታ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች። ይህ መጽሐፍ የፍቅር ታሪክ ነው ብለው ያስተማሩንን መምህራን በጥቂቱ ተቀየምናቸው፤ የሚያስቅ መሆኑን ማንም አልነገረንም ነበርና። ወደ ካርቶኑ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለጥቂት ጊዜ ቀላል ሆነ። ዓመት ያለፈባቸው የፈተና መለማመጃዎች ወደ ሚዛኑ ሄዱ። በደርግ ዘመን ስብሰባ ላይ እንዳንዋረድ የገዛነው የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መዝገበ ቃላትም ሄደ፤ ወረቀቱ ከነጥራቱ ነበር፤ ብዙም አልተገለጠም። በሞስኮ ታትመው ከመጡት መጻሕፍት ልብ ወለዶቹን አስቀርተን የቀረውን ሰደድን።

«ኦሮማይ» ሲወጣ ግን ሥራው ቆመ። በዓሉ ግርማ በጋዜጠኝነት የበሰለ፤ የአዲስ ዘመንም አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ሳይቈይ ከየመሸጫው ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተነሣ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ይህ መንገድ ሳሪስን መኻል ለመኻል ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ነው፤ እኛ ዳቦ የምንገዛበት፤ ልጆቻችን ታክሲ ሲጠብቁ ያደጉበት፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ባቡር የሚመላለስበት። በእጃችን ያለው ቅጂ የመጀመሪያ ገጹ የለውም። የሸጠልን ሰው «ያን ጊዜ ስሙ እንዳይታይ ብዬ ነው የቀደድኩት» ብሎናል፤ ከዚህ ሌላ አላብራራም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ መጽሐፍ ያለንን አስተያየት ለመናገር እንፈራለን፤ የምንፈራው መንግሥትን ሳይሆን የመጽሐፉን ወዳጆች ነው። የደራሲው ዕጣ እጅግ ስለሚያሳዝን መጽሐፉን ያለ እንከን ማመስገን ግዴታ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ የጸጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ቸኩሏል፤ ሴቶቹ የሚታዩት በወንዶቹ ዐይን ብቻ ነው። የአሥመራ ስብሰባዎች፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሽር ጉድ፤ ባለሥልጣን ፊት የሚነገረውና በመጠጥ ጠረጴዛ ላይ የሚነገረው የተለያየ መሆኑ፤ ይህ ሁሉ ሲመጣ ግን እስትንፋስ ያሳጥራል። ከሁሉ የበለጠ የነካን ተራኪው ራሱ የፕሮፓጋንዳ ሰው መሆኑ ነው። የሚያየውን ያውቀዋል፤ የሚጽፈውንም ያውቀዋል፤ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ደግሞ ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃል። ደመወዙን በብዕር ለሚያገኝ ሰው ይህን ማንበብ ቀላል አይደለም፤ እኛም ሁለት ጊዜ ዘግተነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጥቷልና እንግዶች ምን እንደሚሉ መስማት ያጓጓናል። የእኛ ገጽ የጐደለው ቅጂ ካርቶን ገብቷል፤ ከላይ።

ቀጥሎ ያለው ከባልንጀራችን ጋር አጣልቶናል። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው የነቢይ መኰንን ትርጕም ነው። የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ረዥም ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ ሲሆን፤ ነቢይ ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፤ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። አንባቢ ሆይ፤ አንድ ጊዜ የሲጋራ ፓኮ ከፍተህ ውስጡ ያለውን ወረቀት ተመልከት፤ ስንት መስመር ይይዛል? መጽሐፉ ደግሞ በሽማግሌ ክንድ ቢያዝ የሚከብድ ነው። ይህን ሥራ ስናስብ ስለ ቤት መጥበብ ማማረራችን ያሳፍረናል።

ጠቡ የመጣው ከታሪኩ ነው። በወጣትነታችን ስናነበው ልባችን ሙሉ በሙሉ ከስካርሌት ጋር ነበር፤ አትላንታ ስትቃጠል የእኛ ቤት የተቃጠለ መስሎን ነበር። ባለፈው ዓመት ስናነበው ግን ገና ብዙ ሳንሄድ አንድ ነገር ጐረበጠን። እነዚህ ሰዎች ጠፋብን ብለው የሚያለቅሱለት ዓለም እኮ ጥቁር ሰው የሚሸጥበት ዓለም ነው! ባሮቹ በመጽሐፉ ውስጥ ጌቶቻቸውን የሚወዱ ሞኞች ሆነው ይታያሉ፤ ነፃ ሲወጡ ደግሞ አደጋ ተደርገው ይሣላሉ። እኛ ሳሪስ ተቀምጠን፤ መልካችን ይህን የመሰለ ሰዎች፤ በሃያ አምስት ዓመታችን ይህን አላየንም ነበር። እንዴት ሳናይ ቀረን? ባልንጀራችን «አንተ መጽሐፉን በዛሬ ዐይን እየፈረድክበት ነው፤ ያን ጊዜ እስረኛው የፈለገው ነገ የሚባል ቀን እንዳለ መስማት ብቻ ነው» አለን። እውነት አለው። የእኛም እውነት ነው። አማርኛው እንደ ውሃ ስለሚወርድ ነው መራራው ሳይታወቀን የዋጥነው ብለን እንጠረጥራለን፤ ይህም ለተርጓሚው ምስጋና፤ ለእኛ ወቀሳ ነው። መጽሐፉን አልጣልነውም፤ ካርቶኑ ውስጥ ስናስገባው ግን ጥቂት አመነታን።

የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ስናነሣ ቅናት ተሰማን፤ ሁልጊዜም የሚሰማን ይኸው ነው። በ1946 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ደርሰው ተመልሰው ያዩትን ጽፈዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን አብነት የተከተለ ነበር። ጥያቄው ያው ነው፤ መጽሐፉ ቀጭን፤ ካርቶኑም ቦታ አለው።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» በጋዜጣ ሸፍነን አስቀምጠነው ኖሯል፤ እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ። የውቤ በረሃ ሴቶች በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሰው ሲናገሩ ስለምንሰማቸው ደራሲውን እናከብረዋለን፤ ሽፋኑን ለማንሣት ግን ዛሬም ድፍረት አላገኘንም። «አደፍርስ»ን ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስት ጊዜ አቁመናል። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲናን አገር ሰው አነጋገር እንዳለ ሲያመጣው ደስ ይላል፤ አደፍርስ ራሱ ሲናገር ግን ልክ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እንደማያቆም ጐረምሳ ያደክመናል። ምናልባት ደራሲውም ይህንኑ ፈልጎ ይሆናል። አራተኛ ጊዜ እንሞክረዋለን። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል ተቀብለው ያዘጋጁት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ግን ምንም ክርክር አላስፈለገውም፤ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀምጠው የተማሪነት ዘመናቸውን ሲያወጉን ማን ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል?

ከባዱ ጣጣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ክብደቱ ብቻውን የካርቶኑን ወገብ ይሰብራል። ደስታ ከዚህ በፊት በ1948 ዓ.ም. የመምህራቸውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል፤ ያንንም ሥራ ኪዳነ ወልድ የተቀበሉት ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው። ሦስት ሰው አንድ መጽሐፍ እንደ ዱላ ቅብብል ተቀባበለ ማለት ነው። እኛ የአማርኛውን መዝገበ ቃላት እንቅልፍ እንቢ ሲለን እንደ ልብ ወለድ እናነበዋለን፤ አንድ ቃል ፈልገን ገብተን ዘጠኝ ቃል ይዘን እንወጣለን። ስለ አንዳንድ ሕዝቦች የጻፈው ትርጕም ግን ያሳፍራል፤ ልጆቻችን ሲያነቡት አጠገባቸው ሆነን ልናስረዳቸው ይገባል። ባለቤታችን ይህን ለብቻው በነጠላ ጠቅልላ ራስዋ ያዘችው፤ ለምን ብለን ስንጠይቅ «የምግብ ስም ትርጕም የምፈልገው እኔ አይደለሁ?» አለች።

ልጁ ከምሳ በኋላ ሲመጣ «ዴርቶጋዳ» ገና መሬት ላይ ነበር። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣውን ይህን መጽሐፍ ዐዋቂዎች ያንቋሽሹታል። እኛ ግን በአንድ ሌሊት ጨርሰነዋል፤ የማናምነውን ነገር ሁሉ እያመንን። በጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ይህን የሚያነቡ ወጣቶችን አይተናል፤ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ይዘው ያላየናቸው ወጣቶች ነበሩ። ልጁ አንሥቶ ሽፋኑን አየና «ይህን ሰምቻለሁ» አለ። ሰጠነው። ሚዛን ላይ አላወጣውም፤ ከወገቡ ሸጐጠው።

እንግዲህ ጀሞ ከገባን ሁለት ወር ሆነን፤ አንድ አሳብ አለን። በየጋራ መኖሪያ መንደሩ ነዋሪው ለለቅሶ፤ ለሰርግና ለእርድ እንዲገለገልበት የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ የእኛው አብዛኛውን ቀን ተዘግቶ ይውላል። አራት ኪሎ አብርሆት የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በመከፈቱ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ከጀሞ አራት ኪሎ ደርሶ መመለስ ለተማሪ ልጅ የታክሲ ገንዘብና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። በጋራ ቤቱ አንድ ግድግዳ ላይ አንድ መደርደሪያ ቢመታ፤ ቤት የጠበበው ሁሉ ለቆራሊዮ የሚሸጠውን እዚያ ቢያስቀምጥ፤ አናጢው የሚያስከፍለው ብዙ አይሆንም። ከነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ዳግመኛ ስለማይታተሙ አንድ ጊዜ ለቈሎ መጠቅለያ ከሆኑ በኋላ ልናገኛቸው አንችልም። እኛ በበኩላችን ከካርቶናችን አሥራ አንድ መጽሐፍ እናወጣለን ብለን ለኮሚቴው ነገርናቸው፤ «ኦሮማይ»ን ጨምሮ፤ የመጀመሪያ ገጹን በእጃችን ጽፈን።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አሳቡን ወደዱት። ከዚያም ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል ብለው ጠየቁ፤ ለሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተይዟል።