እውነተኛ ማኅተም ያለበት ሐሰተኛ ሰነድ፦ ከጣና ገዳማት ወንጌል እስከ ዛሬው የወንጀል ሕግ

በባሕር ዳር ከተማ ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታውን ነው። ካርታው ይታያል፣ ማኅተሙና ቲተሩ ይመረመራል፣ ሻጩ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ይያያዛል፤ ከዚያም ውሉ ይፈረማል። ከወራት በኋላ የሻጩ ሚስት ፍርድ ቤት ብትቀርብ ወረቀቱም ማኅተሙም ትክክለኛ ሆኖ ሐሰቱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል። ስለ ሐሰተኛ ሰነድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በድብቅ የተቀረጸ ማኅተምንና የተመሰለ ፊርማን ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ይህኛው ዓይነት ነው። ሕጋችን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ለመመልከትም ከባሕር ዳር ፊት ለፊት የሚገኙት ደሴቶች ጥሩ መነሻ ናቸው።

በጣና ደሴቶችና በሐይቁ ዙሪያ የነበሩ ገዳማትና አድባራት፣ እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ የመሬት ስጦታን የሚመዘግቡት በወንጌል ብራና ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። የሰጪው ስምና የመሬቱ ስም ይጻፋል፤ በጊዜው በሹመት ላይ የነበሩ ሰዎች በምስክርነት ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ስጦታውን የሻረ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታከላል። በጎንደር ዘመን የግለሰቦች የመሬት ሽያጭ ጭምር በዚሁ መንገድ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ይሰፍር ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ግዝቱን ብቻ አይቶ እንዳያልፍ እንጠይቃለን። ወንጌሉ በማኅበር የሚጠበቅ፣ በአገልግሎት ጊዜ በምእመናን ፊት የሚወጣ መጽሐፍ ነው። አንድን መስመር ፍቆ ሌላ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ከግዝቱ በፊት የሚገጥመው የብዙ ሰዎች ዓይን ነበር።

አሠራሩ ግን ክፍተት ነበረበት፤ መዝገቡን የሚጠብቀውና በመዝገቡ የሚጠቀመው አካል አንድ ነበርና። ከጣና ርቆ በአክሱም በነገሥታቱ አብርሃና አጽብሓ ስም የሚጠቀሱ የጉልት ጽሑፎች አሉ፤ ተመራማሪዎች ግን ከነገሥታቱ ዘመን እጅግ ዘግይተው የተዘጋጁ መሆናቸውን ያመለክታሉ። ጸሐፊዎቹ በዘመናዊው አነጋገር ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጁ ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ ምናልባት በቃል የኖረውን ወደ ጽሑፍ አመጡ። ያም ሆነ ይህ የመዝገቡ ጠባቂ ራሱ ሲጽፍ ብራናውን በመመርመር ብቻ እውነቱን ማግኘት እንደማይቻል ያሳያሉ።

በሀገራችን የተጠቃለለ ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። እርሱን የተካው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ረቂቅ በስዊስ ምሁሩ ዣን ግራቬን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሰነድ ማጭበርበርን በስፋት የደነገገ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም የዚያን ሕግ መሠረት በብዙው ጠብቆ ቀጥሏል። የድንጋጌዎቹ አቀማመጥ ራሱ ትርጉም አለው። ሐሰተኛ ሰነድ የተመደበው በንብረት ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር ሳይሆን ሐሰተኛ ገንዘብ ከማተም ጋር ነው። ሕጉ የተጎጂውን ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በጽሑፍ ላይ ያለውን እምነት ለመጠበቅ ፈልጓል ማለት ነው። በአንቀጽ 375 መሠረት የሌላውን ሰው መብት ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ ሰነድ ማዘጋጀት ወይም መለወጥ ያስጠይቃል። ሐሰተኛነቱን እያወቀ በሰነዱ የተገለገለም እጁ ብዕር ባይነካም አያመልጥም። ሰነዱ የመንግሥት ወይም የሕዝባዊ ድርጅት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊታይ ይችላል።

ቅጣቱ አለ። ችግሩ ማረጋገጫው ላይ ነው። ወደ ቀበሌው ደብዳቤ እንመለስ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይጠብቃል። ይሁንና ጋብቻን ጨምሮ ወሳኝ ኩነቶችን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሀገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸሙ አያሌ ጋብቻዎች በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ የሉም። ስለዚህ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በአመልካቹ ቃልና በጥቂት ምስክሮች ላይ ይቆማል፤ ማኅተሙ የሚያረጋግጠው ደብዳቤው ከቀበሌው መውጣቱን እንጂ ሰውየው አለማግባቱን አይደለም።

በዚህ ረገድ የክልሉ ገጠር ከከተማው የተሻለ ነገር አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። በክልሉ ለአርሶ አደሮች የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ይይዛል፤ መረጃውም በመሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ ይገኛል። ደብተሩን የያዘ ባል ብቻውን ሲቀርብ ከወረቀቱ ላይ የሚስቱ ፊት ያየዋል።

ቴክኖሎጂው በበኩሉ ሕጉን ተከትሎታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር መረጃ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርን ወንጀል አድርጓል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ለፋይዳ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ፋይዳ ሻጩ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ሚስት እንዳለችው ግን አይናገርም። ጋብቻው ያልተመዘገበ ከሆነ፣ ገዢው ውል ማዋያ ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ ድረስ ሄዶ ጎረቤት መጠየቁ ዛሬም የሚቀር ሥራ አይደለም።