ጭስ መውጫ አያጣም ያለው ማን ነው?

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ጎጆ ውስጥ ቆጮ እስኪበስል ምድጃ ዳር የተቀመጠ አይመስለኝም። አረቅጥ ደጋ ነው፤ እሳቱ የሚነደው ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለብርዱም ነው። የአገራችን ጎጆ ደግሞ የጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሾልኮ እስኪወጣ ድረስ እናቶቻችንና ያዘሏቸው ሕፃናት ይስቡታል። አዎ፣ ጭስ መውጫ አያጣም፤ ግን መጀመሪያ በሳንባ በኩል አልፎ ነው።

ይህን አየር ማን ለካው? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሰው በማይኖርበት ቦታ ያለ አየር እንዴት እንደሚለካ ስታዩ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል።

ፖላርሽተርን የምትባል የጀርመን የምርምር መርከብ አለች። አትላንቲክን ስታቋርጥ ላይዳር የተባለ መሣሪያ ይዛ ትጓዛለች። ላይዳር የሌዘር ብርሃን ወደ ሰማይ ይልካል፤ ብርሃኑ ብናኝ ሲነካ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል። እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ብናኙ ያለበትን ከፍታ ይናገራል። ብናኙ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ብርሃኑ ደርሶ የሚመለሰው በ7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ከሰሃራ የተነሣ አቧራ በውቅያኖሱ ላይ በየትኛው ከፍታ እንደሚያልፍ በዚህ መንገድ ይታወቃል።

በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንዶኤክስ በተባለው የምርምር ዘመቻ መርከቦችና አውሮፕላኖች ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወጡ። ከደቡብ እስያ የሚነፍስ ቡናማ ጭጋግ ባሕሩን ሸፍኖት አገኙ። ከጭጋጉ ምንጮች አንዱ በየቤቱ የሚነድ ማገዶ ነበር። ልብ በሉ እንግዲህ! የእናቶች ጭስ ባሕር ላይ ሲደርስ መርከብና አውሮፕላን ተላከለት። ባሕሩ ለምን ተለካ እያልኩ አይደለም፤ የዝናብንና የአየር ንብረትን ነገር ለማወቅ ግድ ነው። ግን ጭሱ ክብር የሚያገኘው ከጎጆው ከወጣ በኋላ ብቻ ለምን ይሆናል?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ጭስ መሆኑ በዓይን እየታየ ምኑ ይለካል? ይልቅ ምድጃ አከፋፍሉ» ይባላል። ደግ አሳብ ይመስላል፣ ግን አይበቃም። በማላዊ ገጠር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ጭስ ይቀንሳል የተባለ ምድጃ ለቤተሰቦች ታደለ። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲታተም ግን በሕፃናቱ የሳንባ ምች ላይ ለውጥ አልታየም። ሳይለኩ ቢሆን ኖሮ ምድጃው ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሪፖርት ተጽፎ ያልቅ ነበር። «የተሻሻለ» የሚለው ቃል በቁጥር ካልተፈተነ ስም ብቻ ነው።

ዓይንም አይታመን። ጠዋት በግድግዳ ቀዳዳ በምትገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚጨፍረውን ብናኝ ሁላችንም አይተናል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ግን ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ነው፤ የፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ገደማ ይበልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት ገደብ በሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተም ገምቷል።

«እኛ አገር አይቻልም» እንዳትሉኝ። ቡታጅራ አካባቢ ባሉ የገጠር ቤቶች ተለክቶ ያውቃል። የተለካው ብናኝ ሳይሆን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ነበር፤ ውጤቱም በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ17 ሺህ በላይ ናሙና ተወስዶ አማካዩ 97 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። የዚያን ጊዜው ዓለም አቀፍ ዓመታዊ መመሪያ 40 ነበር።

መሣሪያውም ቢሆን መርከብ አይፈልግም። ዛሬ በእጅ የሚያዝ የብናኝ መለኪያ አለ፤ ውስጡ ትንሽ ሌዘር አለው፣ ብናኝ ሲያልፍ ብርሃኑ ይበተናል፣ መሣሪያው ያንን ይቆጥራል። የላይዳር የሥጋ ዘመድ በሉት። በርግጥ እርጥበት ያሳስተዋል፤ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር እያመሳከሩ ማረም ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የተማረ ሰው ሥራ ነው፣ እሱም በየዩኒቨርሲቲው ሞልቷል።

የሰው መለኪያ እየጠበቁ መኖር የት እንደሚያደርስም አይተናል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የከተማዋን አየር ለክቶ ለዓመታት ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በማርች 2025 ዋሽንግተን የኤምባሲዎቿን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመች። በቃ፣ የእኛ አየር ቁጥር በሌላ አገር ውሳኔ ከገጹ ጠፋ።

ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያስወጣ ሕዝብ ነው። ለመስቀል አገር ቤት የምንገባ ልጆች ዘንድሮ ከስጦታው ጋር አንዳንድ መለኪያ ብንይዝ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም መሣሪያዎቹን የማረሙን ሥራ ቢወስድልን፣ የአረቅጥ ምድጃ የራሱ ቁጥር ይኖረው ነበር። ከዚያ በኋላ ምድጃ ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ስንት ቀነሰ?» ተብሎ ይጠየቃል። እናቶቻችን በጭስ ዓይናቸው እያነባ ላሳደጉን ለእኛ ይህን መጠየቅ አይከብደንም።