ከማስጠንቀቂያ ወደ ደህና፦ የማርኮቭ ሰንሰለት ለጀመዓችን ምን ይመክራል?

 

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በፕሮባብሊቲ ኮርስ የማርኮቭ ሰንሰለት የሚባል ምዕራፍ ይገጥመናል። ብዙ ጊዜ ማትሪክስ ማባዛት ብቻ መስሎ ያልፋል። በእኛ እምነት ግን ይህ ምዕራፍ ለጀመዓችን የቱቶሪያል ፕሮግራም ግልጽ ምክር አለው፦ ጉልበታችንን በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ (ዋርኒንግ) ላይ ላሉ ተማሪዎች እናውል።

መነሻውን እናስታውስ። የሞስኮው የሒሳብ ሊቅ ኔክራሶቭ፣ በብዙ ሰዎች ድርጊት ላይ የሚታየው የተረጋጋ አማካይ የሚገኘው ድርጊቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ በቁጥር ተረጋገጠ ብሎ ነበር። የፒተርስበርጉ አንድሬይ ማርኮቭ በ1906 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የቀጣዩ እርምጃ እድል አሁን ባለንበት ሁኔታ ላይ ቢንጠለጠልም የተረጋጋ አማካይ እንደሚገኝ አሳየ። በ1913 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አደባባይ ከተሰየመለት ከፑሽኪን “ዬቭጌኒ ኦኔጊን” 20,000 ፊደላትን ቆጠረ። ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመምጣቱ እድል 0.128፣ ከተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ የመምጣቱ እድል 0.663 ሆነ። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የአናባቢው የረጅም ጊዜ ድርሻ ይወጣል፦ 0.663 ÷ (0.663 + 0.872) = 0.432 ገደማ። ማርኮቭ በቆጠራ ያገኘውም 8,638 አናባቢ ነው፤ ሲካፈል ያው 0.432።

ለእኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተረጋጋ አማካይ መኖሩ ነጻ ፈቃድንም ግዴታንም አያረጋግጥም። የቀደር ጉዳይ ከማትሪክስ አይወጣም፤ ዓቂዳችንን ከኡስታዞቻችን እንማር፣ ከቁጥሩ ደግሞ የቁጥሩን ያህል ብቻ እንውሰድ። ሁለተኛ፣ የረጅም ጊዜ ውጤቱን ከማስላት በፊት ሁኔታዎቹን መመደብ ያስፈልጋል።

ምደባውን በአገራችን ውሃ እንየው። በመካነ ሰላም ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ መድረሻው ሜዲትራኒያን ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው ቦርከና ግን ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ትነቱን ትተን ብናስብ፣ በሁለቱ ተፋሰሶች መካከል ባለው ተራራ ላይ ያለች ጠብታ አንዴ ከወረደች ወደ ላይ አትመለስም። ተራራው አላፊ (ትራንዚየንት) ሁኔታ ነው። መድረሻዎቹ ደግሞ መቅሪያ (አብዞርቢንግ) ናቸው። መቅሪያው ከአንድ በላይ ሲሆን መጨረሻው በመነሻው ላይ ይንጠለጠላል።

ሁሉም ሁኔታዎች እርስ በርስ የሚያደርሱ ሲሆኑ ነገሩ ይለያል። ዝናባማ ቀንና ደረቅ ቀን እንዲህ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይኬዳል፣ ይመለሳልም። እንዲህ ያለው ተመላላሽ (ሪከረንት) ይባላል፤ በረጅም ጊዜ ከየት እንደጀመርን ይረሳል። የሳምንቱ ቀናትም ተመላላሽ ናቸው፣ ግን ፔርየዳቸው 7 ነው። የጁምዓ የረጅም ጊዜ ድርሻ 1/7 ቢሆንም፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ያወቀ ከሺህ ሳምንት በኋላ ያለውንም ቀን ያውቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀስቶቹን መሳል፣ እርስ በርስ የሚደራረሱትን አንድ ላይ መመደብ፣ መውጫ ያለውን ከሌለው መለየት፣ ፔርየዱን ማየት፤ ስሌቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። የተማሪን ጉዞ በአራት ሁኔታ እናስበው፦ ደህና፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምረቃ፣ ስንብት (ዲስሚሳል)። በዚህ ሥዕል የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መቅሪያ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አላፊ ናቸው። ለማስረዳት ብቻ፣ ከየትኛውም ሬጅስትራር ያልተወሰዱ ቁጥሮች እንስጥ። በአንድ ሴሚስተር ከደህና 0.75 እዚያው ይቆያል፣ 0.10 ማስጠንቀቂያ ይገባል፣ 0.15 ይመረቃል። ከማስጠንቀቂያ 0.50 ወደ ደህና ይወጣል፣ 0.30 እዚያው ይቆያል፣ 0.20 ይሰናበታል። መጨረሻው ስንብት የመሆኑን እድል ከደህና ሲነሳ “ደ”፣ ከማስጠንቀቂያ ሲነሳ “ማ” እንበለው፦

ደ = 0.75ደ + 0.10ማ
ማ = 0.50ደ + 0.30ማ + 0.20

ሲፈታ ማ = 0.40፣ ደ = 0.16 ይሆናል።

ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ደህና ላይ ያሉትን ብቻ ማገዝ ነው። ወደ ማስጠንቀቂያ መውረድ በግማሽ ቀንሶ 0.05 ቢሆንና የቀረው 0.05 ደህና ላይ ቢቆይ፣ ደ ወደ 0.09 ይወርዳል፤ ማ ግን 0.35 ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ላይ ያሉትን ማገዝ ነው። ስንብቱ በግማሽ ቀንሶ 0.10፣ ወደ ደህና መውጣቱ 0.65፣ እዚያው መቆየቱ 0.25 ቢሆን፣ ማ ወደ 0.20፣ ደ ወደ 0.08 ይወርዳል። ማስጠንቀቂያ ላይ ላለው የተደረገው እርዳታ ደህና ላይ ላለውም ተረፈ፤ እርሱም አንድ ቀን ሊወርድ ይችላልና።

“ሰው ቁጥር አይደለም፣ ትናንቱን ያስታውሳል” የሚለን ይኖራል። ልክ ነው፤ ይህ ሰንሰለት አሁን ካለበት ሁኔታ ውጭ አያይም። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ያገኘና ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘ የተለያዩ ከሆኑ፣ ሁለት ሁኔታ አድርጎ መክፈል ነው። ይህ ግን ሐሳባችንን አያፈርሰውም። የመሸጋገሪያው እድል በሰው ጥረት የሚለወጥ መሆኑ ራሱ የምንሠራበት ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ ቱቶሪያል የሚዘጋጀው ፋይናል ሲቃረብ ነው፤ የሚመጣውም ቀድሞ የገባው ነው። የምንጠይቀው ይህን ነው። ቱቶሪያሉ ውጤት ከተለጠፈበት ሳምንት ይጀመር። በየዲፓርትመንቱ አንድ ሲኒየር ሁለት ተማሪ ይያዝ፤ የእህቶች ዘርፍም የራሱን ያደራጅ። ማን ማስጠንቀቂያ ላይ እንዳለ በጀመዓ አይነገር፤ ፈላጊው ራሱ በግል ይመዝገብ፣ ሲትሩ ይጠበቅ። ከመድረሳ የመጣን ተማሪዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም፤ በወሎ የቂርኣት ቤቶች የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል፣ ሲያስቀራም የራሱ ይጸናለታል።

ገጠር ቤተሰብ ልጁን የላከው ለምረቃ ነው። ከማስጠንቀቂያ የሚወጣው ቀስት ዛሬም ወደ ሁለቱም ያመለክታል። የምረቃውን የማወፈር ድርሻችንን እንወጣ።

ወላሁ አዕለም።