«ቤቱን ላድስ ወይስ ሚስት ላግባ?»

ጥያቄ፡- ዕድሜዬ 27 ሲሆን የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። አያቴ ሲያርፉ አንድ የቆየ ባለ ሰገነት ቤት ለስድስት ልጆቻቸው ትተዋል። አባቴ አንዱ ወራሽ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰገነቱም በአንድ ጎኑ ወልቋል። ምድር ቤቱ ውስጥ እኔ ሳልወለድ የገቡ አንዲት አሮጊት በትንሽ ኪራይ ይኖራሉ። እኔና የሰፈር ጓደኞቼ ቤቱ ታድሶ የአፎቻ መሰብሰቢያ፣ የተማሪዎች ማንበቢያና የእናቶች ስፌት መስፊያ እንዲሆን እንፈልጋለን። አጎቴ ግን «አፍርሰን በብሎኬት ሠርተን እናከራየው» ይላል። ለሠርግ ያጠራቀምኩትን ብር ለጣሪያው ላውለው ብዬ ባማክራት እጮኛዬ «ወይ እኔን ወይ ድንጋዩን ምረጥ» አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ - ከጀጎል

መልስ፡- ወንድማችን፣ እጮኛህ በንዴት ትናገረው እንጂ እውነቷን ነው። ቤቱ የስድስት ሰው ነው። አንተ ደግሞ ገና ከስድስቱ አንዱ አይደለህም። የሠርግህን ብር ጣሪያው ላይ ዘርግተኸው ነገ አጎትህ «እንካፈል» ቢል ቆርቆሮህን ነቅለህ ልትሄድ ነው? ብሩን አትንካ። ሐሳብህን ግን አትጣል፤ ሐሳብህ መልካም ነው።

እስቲ እዚያው ከደጅህ እንነሳ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ታውቀዋለህ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል። ገጣሚው እዚያ መኖሩንም ብዙ አጥኚዎች ይጠራጠራሉ። ቢሆንም ቤቱ ታድሶ የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎች የሚታዩበት ሙዚየም ሆነ። ያቆመው ዝናው ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሥራ ስለተሰጠው ጭምር ነው።

ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። እሱም በሕንዶች የእንጨት ጥርብ ያጌጠ ነው። አንድ የከተማዋ ተወላጅ ለዓመታት የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች እ.ኤ.አ. በ1998 በመኖሪያ ቤቱ ለሕዝብ ማሳየት ጀመረ። በኋላ ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት ፈቀደለትና ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የምንለው እዚያ ተደራጀ። ልብ በል፣ ዕቃው፣ ሰውየውና ሥራው ቀድመው ነበሩ፤ ቤቱ የመጣው ኋላ ነው። እናንተስ ቤቱ እስኪታደስ ለምን ትጠብቃላችሁ? ማንበቢያውን ዛሬውኑ በአንድ ጓደኛችሁ ሳሎን ጀምሩት። ስድስት ወር ሳይቋረጥ ከሠራ ወራሾቹን የምታሳምኑበት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ከተቋረጠ ደግሞ ጣሪያ ሳትገዙ ራሳችሁን አወቃችሁ።

ስለዚያው ቤት ብዙ ሰው የማያነሳው ነገርም አለ። ሙዚየም ከመሆኑ በፊት ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። የአንተም ነገር የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። «ለሕዝብ ጥቅም» ብላችሁ አንዲት አሮጊት ሜዳ ላይ ከጣላችሁ፣ ያ ሕዝብ ማን ነው? ከሁሉ በፊት የእሳቸው ነገር ይለቅ። አንዷ ክፍል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የእሳቸው እንድትሆን ወራሾቹ በጽሑፍ ይስማሙ። ቁልፉንም እሳቸው ይያዙት። ከእሳቸው የተሻለ ጠባቂ በደመወዝም አታገኙም።

ወደ አጎትህ እንምጣ። ሰውየውን እንደ ጠላት አትየው፤ ገቢ መፈለግ ነውር አይደለም። ሆኖም ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንቡና በ82 መስጊዶቹ ብቻ አይደለም፣ በመኖሪያ ቤቶቹም ጭምር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ደንግጓል። ስለዚህ እሱም ለማፍረስ፣ አንተም ለማደስ በቅድሚያ የክልሉን የቅርስ ቢሮ በር ማንኳኳት አለባችሁ። አብራችሁ ሂዱ። ደግሞም እንግዳ ሐረር ድረስ የሚመጣው ብሎኬት ለማየት አይደለም። ቀይ ነደባ ላይ አረፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት እያየ ቡና ሊጠጣ ነው። በባህላዊ ቤታቸው እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች ጀጎል ውስጥ አሉ። ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ለእንግዳ ቢከራይና ገቢው ለወራሾቹ ቢከፋፈል፣ ምድር ቤቱ ለሰፈሩ ቢተርፍ አጎትህ ምን ይላል? ብቻህን አትንገረው። የአፎቻችሁን ሽማግሌዎች ይዘህ ሂድ፤ ከአንተ ይልቅ እነሱን ይሰማል።

ስምምነቱም ፈቃዱም በእጃችሁ ሲገባ ሥራው ከጣሪያ ይጀመር። ውኃ የሚገባበት ቤት ውስጥ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ የጎርፉን መውረጃ አጽዱ። ሲሚንቶ ግን አደራ! የድሮው ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያወጣል። በሲሚንቶ ከለሰናችሁት ውኃው ውስጥ ይታፈንና ጭቃውን ያላላዋል። ላዩ እያማረ ውስጡ ይበሰብሳል። ጭቃና ኖራ የሚያውቁ የሰፈሩን አዛውንት ግንበኞች ፈልጋችሁ አብራችሁ ሥሩ። እጃቸው የያዘው ሙያ አብሯቸው እንዳይቀበር።

አንተ የምታዋጣው ጉልበትህን፣ ጊዜህንና ትዕግሥትህን ነው። ብሩ ከአፎቻው፣ ከወራሾቹና በውጭ ካሉ የሐረር ልጆች በደረሰኝ ይሰብሰብ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ሒሳብ ይያዝ፤ እሱም አንተ አትሁን።

ለእጮኛህም ይህን አስነብባት። እሷ የፈራችው ድንጋዩን አይመስለንም፣ ሳትጠየቅ ሁለተኛ መሆንን ነው። ሠርጋችሁን በቀኑ አድርጉ። ቤቱ እናንተ ሳትወለዱ የቆመ ነው፤ ጣሪያው ላይ ለጊዜው ሸራ ከተወጠረለት አንድ ክረምት ይታገሣችኋል።