ጎርፉ ሲያልፍ እርዳታውም አብሮ ማለፍ የለበትም

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ምልክትና ሕክምና አልጽፍም። ክረምቱ በከበደ ቁጥር ስለምናየው ጎርፍ እና ከጎርፉ በኋላ ስለምንልከው እርዳታ እንደ ሐኪም የሚሰማኝን ልናገር። በተለይ የግራና፣ የመርሳና የወልድያ ወላጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ግራና ላይ ያደገ ሰው ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ ጠቁሮ የዋለው ሰማይ ማታ ወንዙን ሞልቶ ይለቀዋል። ሽንኩርቱና ማሽላው በደለል ይቀበራል፣ የጭቃ ቤት ይፈርሳል። በማግሥቱ ስልካችን በፎቶ ይሞላል። ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባ፣ ሳዑዲ ካሉት ልጆቻችን ሳይቀር ገንዘብ ይሰበሰባል። ብርድ ልብስ፣ ብስኩት፣ የዱቄት ወተትና አሮጌ ልብስ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይቀበላችሁ እንባባላለን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ያልቃል፣ መኪናውም አይመለስም።

እኛ ጤና ባለሙያዎች ግን ሥራ የሚበዛብን ልክ ያኔ ነው።

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ የመጣችው ጎርፉ ካለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም፣ ሆዱን ቆንጠጥ ሳደርገው ቆዳው ቶሎ አይመለስም። ምን ሲጠጣ እንደነበር ጠየቅኋት። «ጡትሽ በድንጋጤ ደርቋል አሉኝ። ለእርዳታ የመጣውን ወተት በጥብጬ ሰጠሁት» አለችኝ። የበጠበጠችበት ውኃ የተቀዳው ከዚያው ጎርፍ ከተቀላቀለበት ወንዝ ነው። ልጁ ተረፈ። በዚያው ሰሞን ዘግይተው መጥተው ያልተረፉም ነበሩ። ያንን ወተት የላከው ሰው ግን ክፉ አልነበረም። ልቡ አዝኖ፣ ከኪሱ አውጥቶ ነው የላከው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ይህ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። ጣና ዙሪያ ያሉ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ቀበሌዎች በ1998 ዓ.ም ክረምት፣ ከዚያም እንደገና በ2012 ዓ.ም ክረምት በጎርፍ ተጥለቅልቀዋል። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሲሞሉ፣ ሐይቁም ሲያብጥ፣ ውኃው መሄጃ አጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሰው የሚድነው ከፍታ ቦታ ላይ ተጠግቶ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይታጨቃል። ሽንት ቤቱ በጎርፍ ተውጧል፣ ጉድጓዱ ተበክሏል። እንዲህ ያለ መጠለያ ውስጥ የምግብ እህል ቢኖርም ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ቅማልና እከክ አብረው ይገባሉ።

የወሎ ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ የነበሩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። እዚያ ሰው የሞተው በረሃብ ብቻ አልነበረም። የተዳከመውን ሰውነት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ጨርሰውታል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እርዳታ በፎቶው ቀን ሳይሆን በበሽታው ቀን መቁጠሪያ መላክ አለበት።

የበሽታው ቀን መቁጠሪያ ደግሞ አያስቸግርም።

1. የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ የመስጠም አደጋ፣ ቁስል፣ ብርድና ጎርፉ ከጉድጓዱ ያስወጣው እባብ። ብርድ ልብስና የበሰለ ምግብ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

2. ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፦ ተቅማጥና ትውከት። አሁን የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ጄሪካን፣ የውኃ ማከሚያ፣ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ነው።

3. ከአንድ ወር በኋላ፦ ወባ። ኃይለኛው ጎርፍ መጀመሪያ የትንኟን እጭ ጠርጎ ይወስዳል። ውኃው ሲሸሽ ግን በየማሳው፣ በየወንዙ ዳር ኩሬ ትቶ ይሄዳል። ትንኟ ተራብታ፣ ጥገኛ ተሕዋሱ ሰውነቷ ውስጥ አድጎ፣ ሰው ተነክሶ እስኪታመም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የነሐሴው ጎርፍ ወባ የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ አጎበር የሚያድል፣ ኩሬ የሚያዳፍን ሰው እንጂ ብስኩት አያድንም።

ወባውን እንደ ቀላል የምታዩ ካላችሁ፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል። ግራና ደግሞ ቆላ ነው።

«ዶክተር፣ እህሉ በደለል ለተቀበረበት ገበሬ ስለ ሳሙና ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ እህል ይቅደም፤ ዘርም ያስፈልገዋል። እኔ የምለው እህሉ ይቅር አይደለም። ተቅማጥ ያለበት ልጅ የበላው እህል አንጀቱ ውስጥ አይቆይም፣ ወባ የጣለው አባት ደግሞ የተሰጠውን ዘር አይዘራም። ከ10 ብር እርዳታ 2ቱን ለውኃና ለአጎበር ብናውለው የቀረውን 8 ብር ከብክነት እናድናለን።

የዱቄት ወተትን በተመለከተ ደግሞ አልለሳለስም። እባካችሁ በጅምላ አትላኩ፣ አታድሉ። የእናት ጡት በድንጋጤ አይደርቅም። ጭንቀት ወተቱ እንዳይወርድ ለጊዜው ሊይዘው ይችላል፤ ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ግን ይመለሳል። ለእናትየው ምግብ፣ ውኃና ጸጥ ያለ ጥግ ስጧት፤ ልጁን የምትመግበው እሷ ናት። እናቱን ላጣ ወይም በሌላ ምክንያት ጡት ለማያገኝ ሕፃን ውሳኔው የጤና ባለሙያ ይሁን።

ወላጆች፣ እቤት ደግሞ ይህን ያዙ።

ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ። ማገዶ ከሌለ፣ ለጠራ ውኃ ውኃ አጋር፣ ለደፈረሰ ውኃ ቢሻን ጋሪ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ። ክሎሪን ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጡትም ምግብም አታቋርጡ። አንዱን ባለ 1 ሊትር ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ኦ.አር.ኤስ እስክታገኙ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ለሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ጨው አታብዙ። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሰገራው ውስጥ ደም ካያችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት። ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ አስመርምሩት። የተረፈ የወባ መድኃኒት ከጎረቤት ተውሳችሁ አትስጡ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰፈር የለም። ሰው ሲሞት ማን ቤት ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ፣ ማን ጧሪ እንደሌለው ቅሬው ያውቃል። እርዳታ ሲመጣ ስም ዝርዝር ላይ የምትረሳውን ባል የሌላትን እናት ቅሬው አይረሳትም። ታዲያ ቅሬው የሚቀሰቀሰው ለመቅበር ብቻ ለምን ይሆናል? እያንዳንዱ ቅሬ ከሰኔ በፊት አንድ ሣጥን ያዘጋጅ። የውኃ ማከሚያ፣ ሳሙና፣ ኦ.አር.ኤስ፣ እንዲሁም በሽተኛ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ለማድረስ የሚሆን የመኪና ገንዘብ ይኑረው። ቃሬዛውማ ድሮም አለው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሣጥኑን በየጊዜው ትይላችሁ።

ውጭ አገር ያላችሁም፣ ለጎርፍ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ደግሞ መስከረም ላይ፣ ፎቶው ከጠፋ በኋላ ላኩ።

ለዘመድ ለወዳጅ ያጋሩት። የእናንተ ቅሬ ሣጥን አለው? ከሌለው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንሱት።

ጤና ይብዛላችሁ።