ስለ ፎቶግራፍ ማንሻ መኪና ግዥ

በሰበታ፤ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ብዙ ወዳጆቻችን ልጆቻቸው ሠርግና ክርስትና እያነሡ እንጀራቸውን እንዲያገኙ በማሰብ ለዲጂታል ፎቶግራፍ መኪና ገንዘብ ያጠራቅማሉ። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡን ኹሉ በመኪናው ላይ ጨርሰው ለሌንሱ ምንም አያስቀሩም።

ይኽ ስሕተት በኛም ቤት ደርሷል። ልጃችን ከመኪናው ጋራ በተሸጠለት ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር በሚሳብ ሌንስ በሱሉልታ ሜዳ በቀን ያነሣው ኹሉ እንከን አልነበረበትም፤ ማታ በሰበታ ሠርግ ቤት ግን አያቲቱ ሙሽራዪቱን ሲመርቁ ያነሣው ደበዘዘ። እርሳቸውም በዓመቱ ዐረፉ።

ምክንያቱ ይኽ ነው፤ ያ ሌንስ ወደ ሩቅ ሲሳብ የብርሃኑ ቀዳዳ ከ5.6 አልፎ አይከፈትም፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና እስከ 1.8 የሚከፈተው ዐሥር እጥፍ ያኽል ብርሃን ያስገባል። ዛሬ ፋብሪካዎቹ መስተዋት ወደሌለው መኪና ስለ ዞሩ ባለመስተዋቱ ረክሷል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ካነን 600ዲ ወይም በ2012 የወጣውን ኒኮን ዲ3200 ያገለገለውን ገዝቶ የተረፈውን ለሌንስ ማዋል ይሻላል። ለካነን 50 ሚሊሜትሩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እንደ 80 ስለሚያጠብ በትንሽ ሳሎን አንሺውን ከግድግዳ ያጣብቀዋል። ለኒኮን 35 ሚሊሜትሩ ይስማማል፤ በዲ3200 ውስጥ የሌንስ ማዞሪያ ሞተር ስለሌለ ግን በላዩ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሕፈት ያለበትን መፈለግ ነው።

ገዥው የራሱን ካርድ ይዞ ይሂድ፤ ነጭ ግድግዳ በጠባብ ቀዳዳ አንሥቶ ጥቁር ነጥብ እንዳይኖርበት አስፍቶ ይመልከት፤ ከዚያም ከሱቁ ጨለማ ጥግ ሰው አቁሞ ያንሣ።